የመጤ እንስሳት ሕግና የትንሹ ሱቅ ዕጣ

ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ሕግ ግን ገበያ ውስጥ ሲገባ በሁሉም ጫንቃ ላይ እኩል አያርፍም። ከአንድ ሺህ በላይ መደብሮች ያሉት ኩባንያና አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ወፍ፣ ዓሣና እንሽላሊት የሚሸጥ ግለሰብ በአንድ አንቀጽ ሥር ሲውሉ፣ የመጀመሪያው አንቀጹን ለጠበቆቹ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው በሩን ስለ መዝጋት ያስባል። በዩናይትድ ስቴትስ ከባዕድ አገር የሚመጡ እንስሳትን ንግድ ለመግታት በየጊዜው የቀረቡት ረቂቅ ሕጎች ይህንን እውነታ በጉልህ ስለሚያሳዩ ጠለቅ ብሎ መመርመር ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይኖርበታል። ሕጉ ያለ ምክንያት የተጠየቀ አይደለም። በፍሎሪዳ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ ኤቨርግሌድስ የተባለ ሰፊ ረግረግ ይገኛል። ዛሬ በዚያ የሚርመሰመሰው የበርማ ዘንዶ የእስያ እንጂ የአሜሪካ ፍጡር አይደለም። በለማዳ እንስሳት ንግድ አማካይነት ገባ፤ ከፊሉ አመለጠ፣ ከፊሉን ደግሞ ግዝፈቱ ያስፈራቸው ባለቤቶቹ ሜዳ ላይ ጣሉት፤ በረግረጉም ተራባ። በ2012 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው ዘንዶው ለረዥም ጊዜ በሰፈረባቸው ቦታዎች በመንገድ ዳር ይታዩ የነበሩት ራኩኖች በ99.3 በመቶ፣ ኦፖሰም የተባሉት ደግሞ በ98.9 በመቶ ቀንሰዋል። ከ2017 ጀምሮ የደቡብ ፍሎሪዳ የውሃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ዘንዶ ለሚገድሉ ሰዎች የሰዓት ደመወዝና በእባቡ ርዝመት የሚሰላ ጉርሻ ይከፍላል። አስመጪው ትርፉን ይዞ ከሄደ ቆይቷል፤ የማስወገጃውን ወጪ የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው። በጣና ዳርቻ ቆሞ እምቦጭ በእጁ ሲነቅል የዋለ ገበሬ ይህ ሒሳብ ይገባዋል። እምቦጭም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በአበባው ውበት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሕግ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ሸክሙን ማን ይሸከም የሚል ነው።

በ1900 የወጣውና የሌሲ ሕግ ተብሎ የሚጠራው የአሜሪካ ሕግ መንግሥት ጎጂ ናቸው ብሎ የዘረዘራቸው እንስሳት ብቻ እንዳይገቡ ይከለክላል። በዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈው ሁሉ የተፈቀደ ነው ማለት ነው። እንስሳው ጉዳት ካደረሰ በኋላ ስሙ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። በ2009 ለተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው 669 ቁጥር ረቂቅ ሕግ ይህንን አሠራር ሊገለብጥ ተነሣ። ደህንነቱ ተመርምሮ በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ያልገባ መጤ እንስሳ ሁሉ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና እንዳይራባ የሚል ነበር። ረቂቁን ያቀረቡት የጉዋም ደሴት እንደራሴ ማድሊን ቦርዳሎ ናቸው። በጉዋም ቡናማው የዛፍ እባብ የደሴቲቱን የደን አእዋፍ አብዛኞቹን ጨርሷል። ይሁን እንጂ ያ እባብ ወደ ደሴቲቱ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወታደራዊ ጭነት ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ይታመናል፤ በየትኛውም ሱቅ መስኮት አልታየም።

በረቂቁ ውስጥ ውሻ፣ ድመት፣ ፈረስ፣ ከብት፣ ዶሮና ወርቃማው ዓሣ በስማቸው ተጠቅሰው ከቁጥጥሩ ነፃ ወጥተዋል። ሐምስተር የምትባለዋ ትንሽ አይጥ መሳይ ግን አልተጠቀሰችም። (በየቤቱ የሚረባው የሐምስተር ዘር በ1930 በሶርያ ከሐለብ ከተማ አቅራቢያ ከተያዙ ጥቂት ግልገሎች የወረደ ነው። ትውልድ በትውልድ ላይ በጎጆ ውስጥ ለኖረች እንስሳ የንጽሕና ማስረጃ መጠየቅ ትንሽ ያስቃል።) ማስረጃውን አዘጋጅቶ፣ የምርመራውን ክፍያ ከፍሎ ማመልከት የሚገባው እንስሳውን ማስመጣት የሚፈልገው ወገን ነበር። መርሁ ትክክል ነው፤ የሚያተርፈው ይክፈል። በተግባር ግን ጥናት አስጠንቶ የማመልከት አቅም ያለው ትልቁ ነው። ትንሹ ባለሱቅ ትልቁ ያስመዘገበውን ብቻ ለመሸጥ ይገደዳል። በሺህ የሚቆጠሩ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ጎረፉ፤ ረቂቁም ከኮሚቴ ሳያልፍ ቀረ።

የረቂቅ ጉዳት የሚጀምረው ሕግ ሆኖ ሲጸድቅ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ2010 የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓይነት ግዙፍ እባቦች እንዲከለከሉ ሐሳብ አቀረበ። አራቱ በ2012፣ ሌሎች አራት በ2015 ተከለከሉ። ዘጠነኛው፣ ቦአ የተባለውና በብዙ ቤት የሚገኘው እባብ፣ ከአምስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ከዝርዝሩ ወጣ። በእነዚያ አምስት ዓመታት ቦአ የሚያራባው ሰው ምን ያድርግ? ገዢው ነገ የሚከለከል ዕቃ አይገዛም። እባቡ ግን ይበላል፤ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይቆጥራል፤ የሱቁ ኪራይም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ጨርቅ ቢሆን ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻል ነበር።

የትንሹን ሱቅ ሒሳብ ላልተመለከተ ሰው ጉዳቱ ከአንድ እባብ ዋጋ የማይበልጥ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሱቁ የሚኖረው በእንስሳው ዋጋ ሳይሆን እንስሳው ተከትሎት በሚመጣው ነገር ነው። የመስታወት ሣጥኑ፣ አምፖሉ፣ ለቀለብ የሚሆነው የቀዘቀዘ አይጥ፣ ደንበኛው በየሳምንቱ የሚመለስበት ምክንያት ሁሉ ከዚያ ይመነጫል። የውሻና የድመት ምግብ በጅምላ አራክሶ መሸጥ የኩባንያዎቹ ድርሻ ሆኗል። ለትንሹ የቀረለት ኩባንያው የማይደክምለት ብርቅዬ እንስሳና ስለ እንስሳው ያለው ዕውቀት ነው።

በየካቲት 2022 የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው ሰፊ የኢንዱስትሪ ረቂቅ ሕግ በውስጡ የሌሲን ሕግ የሚያሻሽል ክፍል ነበረው። በዚያ ክፍል መሠረት ከሕጉ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከአነስተኛ መጠን በላይ ያልገባ ወይም ያልተሸጠ መጤ እንስሳ በቅድሚያ እንደ ጎጂ ይቆጠራል። አንባቢ ይህችን ሐረግ ልብ ይበል። በብዛት የሚሸጠው ይለፍ፣ በጥቂቱ የሚሸጠው ይታገድ ማለት ነው። የበርማ ዘንዶ ለጥፋት የበቃው ግን በጥቂቱ ሳይሆን በብዛት ስለተሸጠ ነው! መለኪያው የእንስሳውን አደገኛነት ትቶ የሻጩን ግዝፈት ለካ። ክፍሉ በነሐሴ ወር ከጸደቀው የመጨረሻ ሕግ ውስጥ አልተካተተም።

ይህ ሲባል የንግዱ ማኅበራት የሚያሰሙት እሮሮ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። ቁጥጥር በተነሣ ቁጥር የትንሹን ባለሱቅ ሥዕል ከፊት አቁመው ከኋላው አስመጪው ሲከለል ታይቷል። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ጉድጓድ ቆፍሮ ዘንዶ የሚያወጣው ገበሬ የሚያገኘው ኢምንት ነው፤ ባለሱቁም ቢሆን የመጨረሻዋን ትርፍ የሚለቅም ነው። በመካከል ያለው ግን ስለ ሁለቱም ሲያለቅስ አይሰማም። አደጋው መቆም ያለበት ጭነቱ ወደብ ላይ ሳለ፣ ምርመራውም በዚያው በአስመጪው ወጪ መካሄድ እያለበት፣ ቁጥጥሩ ወርዶ ወርዶ የመንደር ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ፍሎሪዳ ራሷ በ2021 ካወጣችው ደንብ አንድ የሚጠቀስ ነገር አለ። አረንጓዴው ኢጉዋናና ቴጉ የተባለው ትልቅ እንሽላሊት ከተከለከሉት ተርታ ሲገቡ፣ በቤቱ የያዛቸው ሰው ያለ ክፍያ ፈቃድ አውጥቶ እንዲያቆያቸው፣ ፈቃድ ኖሯቸው ለንግድ ያራቡ የነበሩ ሰዎች ደግሞ እስከ ሰኔ 2024 ድረስ ቀስ በቀስ እንዲያቆሙ ጊዜ ተሰጣቸው። እንስሳውን መያዝ ያልቻለ ሰው ያለ ቅጣት የሚያስረክብበት አሠራር ከ2006 ጀምሮ በግዛቲቱ አለ፤ በአንድ ሌሊት ክልከላ የደነገጠ ባለቤት እንስሳውን ጫካ እንዳይለቅ የሚያደርገው ይኸው ነው። አርቢዎቹ በደንቡ አልተደሰቱም፤ ተከራክረዋልም። ሦስት ዓመት ግን ዕዳ ከፍሎ፣ ያለውን ሸጦ፣ ሣጥኑን በዓሣ ለመተካት የሚያስችል ጊዜ ነው። ለዚያ መሸጋገሪያ የሚሆን ገንዘብ ከአስመጪዎች የሚሰበስብ አንቀጽ ግን በደንቡ ውስጥ አልተጻፈም።