ስንት አራራት አለ? የአርሜኒያ ክለቦችና ሊጋቸው

የአርሜኒያ እግር ኳስ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ ሄንሪክ ሚኪታሪያን። ዶርትሙንድ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ አርሰናል፣ ሮማ፣ ኢንተር እያለ ክለቦቹን በቃሉ የሚደረድር ሰው «ከየት ተነሳ?» ሲባል አፉን ይይዛል። የተነሳው ከፒዩኒክ ነው። የየሬቫኑ ፒዩኒክ ከ2001 እስከ 2010 በተከታታይ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን ሚኪታሪያን በዚያ ቡድን ውስጥ ያደገ ልጅ ነበር። ክለቡ ከእርሱ በፊትም ዋንጫ በልቷል፣ ከእርሱ በኋላም እየበላ ነው። ይህን የሚነግረን የስፖርት ዝግጅት ግን እምብዛም የለም።

መሠረታዊውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። አርሜኒያ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ተራራማ አገር ናት፤ እስከ 1991 የሶቪየት ኅብረት አካል ነበረች፤ የራሷን ሊግ የጀመረችው በ1992 ነው። በከፍተኛው ሊግ አሥር ገደማ ክለቦች ይጫወታሉ፤ አብዛኞቹ መቀመጫቸው ዋና ከተማዋ የሬቫን ነው። ክለቦቹ ጥቂት በመሆናቸው በአንድ የውድድር ዘመን ሦስትና አራት ጊዜ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ባለው ቤቲንግ ቤት በር ላይ አንድ ጎረምሳ ቲኬቱን በጣቱ እየጠቀለለ ሲበሳጭ አገኘሁት።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አራራት በላኝ ጋሼ! ታሪኩን እኮ በስልኬ አንብቤ ነው የቆረጥኩት። ባየርን ሙኒክን ያሸነፈ ክለብ ነው!»

ቲኬቱን ተቀብዬ አየሁት። «የኔ ልጅ፣ ባየርንን ያሸነፈው ሌላ ነው። አንተ የያዝከው አራራት-አርሜኒያን ነው፤ የተመሠረተው በ2017።»

«ታዲያ ለምን አራራት ይሉታል?»

ልጁ ተበላ እንጂ ጥያቄው ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚያስይዘው ብቻ ሳይሆን ማይክ የያዘውም ይህንኑ ይሳሳታል። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አበበ ሲኖር መምህሩ በአባት ስም ነው የሚጠራው፤ የአርሜኒያን ሊግ የሚያነብ ሰውም እንደዚያው ማድረግ አለበት። አራራት ማን? የማን ልጅ?

ስሙ የሁሉም የሆነው በተራራው ምክንያት ነው። የአራራት ተራራ 5,137 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከየሬቫን ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ይታያል። የቆመው ግን ቱርክ ውስጥ ነው። የሁለቱ አገሮች ድንበር በ1993 ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከየሬቫን ተነስቶ በየብስ እግሩ ሥር መድረስ የሚፈልግ በጆርጂያ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ተራራው እጃቸው ላይ ስለሌለ ስሙን በሁሉም ነገር ላይ አኖሩት፤ በኮኛኩ፣ በከተማው፣ በኳስ ክለቡ።

የመጀመሪያው አራራት፣ ማለትም ባየርንን ያሸነፈው፣ አራራት የሬቫን ነው። በ1935 ስፓርታክ ተብሎ ተመሠረተ፤ አራራት የተባለው በ1963 ነው። በ1973 አሰልጣኙ ኒኪታ ሲሞንያን ነበር፤ በተጫዋችነቱ ዘመን የሞስኮ ስፓርታክ የግብ አዳኝ የነበረ አርመን። በዚያ ዓመት አራራት የሶቪየትን ሊግም የሶቪየትን ዋንጫም ጠቅልሎ ወሰደ። የሞስኮና የኪየቭ ክለቦች በሚገዙት ሊግ ውስጥ ከደቡብ ጫፍ የመጣ ቡድን ሁለቱንም መውሰዱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ያንን ዓመት ከሌሎቹ የሚለየው ደግሞ አንድ እንግዳ ሕግ ነው። በ1973 የሶቪየት ሊግ አቻ የወጣ ጨዋታ በመለያ ምት እንዲፈታ ተወሰነ። መቺዎቹ ይሰለፋሉ፤ ያሸነፈ አንድ ነጥብ ይወስዳል፣ የተሸነፈ ባዶ እጁን ይሄዳል። 90 ደቂቃ ተከላክሎ አንዷን ነጥብ ይዞ መውጣት የለመደ ሁሉ ተቸገረ። አራራት በእንዲህ ያለ ዓመት ነው ዲናሞ ኪየቭን በሦስት ነጥብ በልጦ የጨረሰው።

የዋንጫው ፍጻሜ በጥቅምት ወር ሞስኮ ውስጥ ተደረገ፤ ተጋጣሚው ያው ኪየቭ። ኪየቭ 1 ለ 0 እየመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ሴቪዶቭ ኮከቡን ኦሌግ ብሎኪንንና ቡርያክን ቀይሮ አስወጣቸው። ነገሩ ያለቀ መስሎት ነው። ፊሽካው ሊነፋ ደቂቃ ሲቀረው የአራራቱ ሌቮን ኢሽቶያን አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ያው ኢሽቶያን ሁለተኛውን አከለ፤ ብሎኪን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። አምበሉ ሆቭሃኔስ ዛናዛንያን ዋንጫውን ተቀበለ፤ ሴቪዶቭ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አጣ፤ በምትኩ ቫሌሪ ሎባኖቭስኪ ኪየቭ ገባ። የሎባኖቭስኪን ታላቅነት የሚተርክ ሁሉ ወንበሩን ያስለቀቀለት የኢሽቶያን እግር መሆኑን ቢያነሳ ደስ ይለኛል።

በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ አራራት በ1975 መጋቢት ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ሙኒክ ላይ በባየርን 2 ለ 0 ተሸነፈ። በመልሱ ጨዋታ በህራዝዳን ስታዲየም 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በድምር ግን ወደቀ። ባየርን ያንን ዋንጫ እስከ መጨረሻው ሄዶ በላው። የዚያ ዓመት የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪነት በ5 ግብ ለሁለት ሰዎች ነው የተሰጠው፤ አንዱ ጌርድ ሙለር፣ ሌላው የአራራቱ ኤድዋርድ ማርካሮቭ። ህራዝዳን በ1971 በወንዝ ሸለቆ ውስጥ የተሠራ፣ ሰባ ሺህ ገደማ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነበር። አሁን ብሔራዊ ቡድኑ የሚጫወተው 14 ሺህ ገደማ በሚይዘው የሪፐብሊኩ ስታዲየም ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ያለው ክለብ አርሜኒያ ነፃ ከወጣች በኋላ ሊጉን የወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1993 ነው። በዋንጫ ውድድሩ ግን ዓይኑ አልፈዘዘም፤ በ2021 እንኳ አላሽከርትን 3 ለ 1 አሸንፎ የአርሜኒያን ዋንጫ አንስቷል።

ሁለተኛው አራራት ከተማ ነው። ከየሬቫን ደቡብ ምሥራቅ አራራት የምትባል የሲሚንቶ ፋብሪካ ከተማ አለች። የከተማዋ ክለብ በ1998 ሴሜንት አራራት ተብሎ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2000 ደግሞ አራክስ አራራት ተብሎ። ክለቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። ከዚያ ወደ የሬቫን ሄዶ ስፓርታክ ተባለ፤ የመጀመሪያው አራራት ድሮ የተጠራበትን ስም ማለት ነው። በ2003 ከባናንትስ ጋር ተዋሐደ። ባናንትስ በ2019 ስሙን ለውጦ ኡራርቱ ሆነ፤ በ2022–23 ኡራርቱ ሊጉን በላ። የሲሚንቶዋን ከተማ ክለብ የት ደረሰ ብሎ የሚፈልግ ሰው አምስት ስም ተከትሎ መሄድ አለበት።

ሦስተኛው የልጁን ገንዘብ የበላው ነው። አራራት-አርሜኒያ በ2017 አቫን አካዳሚ ተብሎ ተመሠረተ፤ አቫን የየሬቫን አንድ ክፍለ ከተማ ነው። ስሙን ቀይሮ ከፍተኛው ሊግ በገባበት በ2018–19 ወዲያውኑ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ደገመው። ጥሩ ክለብ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን የ1973ቱን ታሪክ ለእርሱ መስጠት ከባለቤቱ መንጠቅ ነው።

እንግዲህ የሻምፒዮኖቹን ዝርዝር በችኮላ የሚያይ ሰው በ1993፣ በ1998፣ በ2000፣ በ2018–19 እና በ2019–20 «አራራት» የሚል ያገኛል። ደምሮ «አምስት ጊዜ» ይላል፤ በሬዲዮም እንዲሁ ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምስቱ ዋንጫ የሦስት ክለቦች ነው። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አራራት የሬቫንና አራራት-አርሜኒያ፣ ዛሬም በአንድ ከተማ በአንድ ሊግ ይገናኛሉ፤ ያን ቀን አስተያየት ሰጪው «አራራት አገባ!» ቢል ማንም አይገባውም።

ከአርሜኒያ ውጭም አለ። የቴህራን አርመኖች በ1944 አራራት የሚባል ክለብ መሠረቱ። በ2017 ሞስኮ ውስጥም ሌላ አራራት ተቋቁሞ ነበር። ከሁሉ የሚገርመው ግን የራሳችን ነው። በ1944 የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ ከተወዳደሩት አምስት ቡድኖች አንዱ የአዲስ አበባ አርመኖች ቡድን፣ አራራት ነበር። የተጋጠመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር ነው፤ ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። የሬቫን ያለው ክለብ ገና በሌላ ስም ሲጠራ አዲስ አበባ ላይ አራራት ኳስ እያንከባለለ ነበር። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

የውድድር ዘመኑም እንደ ስሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሊግ፣ የ1992ቱ፣ አንድ አሸናፊ አልነበረውም፤ ሺራክና ሆሜነትሜን ዋንጫውን ተካፈሉት። ሆሜነትሜን በኋላ ፒዩኒክ የተባለው ነው። ሊጉ መጀመሪያ በአንድ የአውሮፓ ዓመት ውስጥ ተጀምሮ ያልቅ ነበር። በ1995 ግማሽ ዓመት ብቻ ተጫውተው ከበልግ እስከ ፀደይ ወደሚሄድ ውድድር ተዛወሩ። በ1997 ሐሳባቸውን ቀየሩና በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ሌላ አጭር ውድድር አደረጉ፤ ስለዚህ 1997 ሁለት ሻምፒዮን አለው፤ በፀደይ ፒዩኒክ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሬቫን የሚባል ክለብ። ከ1998 እስከ 2011 እንደገና በአንድ ዓመት ውስጥ አለቀ። በ2012–13 እንደገና ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች በበጋቸው ተጀምሮ በፀደይ ያልቃል። ስለዚህ በዓመት አንድ ዋንጫ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሒሳቡ አይገጥምለትም።

መሀሉን የሚቆርጠው ብርድ ነው። ሁለተኛዋ ከተማ ጊዩምሪ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ላይ ያለች፣ በክረምት ሜዳው ድንጋይ የሚሆንባት ናት፤ ሊጉ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ይዘጋል። ሺራክ የእርሷ ክለብ ነው። ከተማዋ በታኅሣሥ 1988 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ክለቧ የነፃይቱን አገር የመጀመሪያ ዋንጫ ግማሽ ያዘ፤ ሊጉን በ1994፣ በ1999 እና በ2012–13 ብቻውን በልቷል። ዋና ከተማዋ ሁሉን በሚጠቀልልበት ሊግ ውስጥ ይህን ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ ከክልል ክለብ የሚደግፍ ሁሉ ያውቀዋል።

ከቀሩት ክለቦች ቢ ካ ኤም ኤ የሠራዊቱ ነው፤ ቡድኑ በወጣቶች የተሞላ ነው። ኡሊስ በ2011 ሻምፒዮን ሆኖ በ2016 ፈረሰ፤ ሚካ የሚባለው ክለብም በዚያው ዓመት። በ2021 አላሽከርት በአውሮፓ ውድድር ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የአርሜኒያ ክለብ ሆነ፤ በዓመቱ ፒዩኒክ ተከተለው።

ከዚያ ኖህ መጣ። በ2017 አርትሳክ ተብሎ ተመሥርቶ በ2019 ስሙን የቀየረ ክለብ ነው፤ በ2024–25 ሊጉን ወስዷል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን በኅዳር 2024 ለንደን ላይ በቼልሲ 8 ለ 0 መሸነፉን ነው፤ ይቀልዱበታል። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ኤኢኬ አቴንስን የሬቫን ላይ 3 ለ 1 መትቶ፣ በድምርም በልጦ ከአውሮፓው ማጣሪያ እንዳስወጣው የሚያውቅ ቀልደኛ አላገኘሁም። ለቼልሲ ጨዋታ መንገድ ከከፈቱለት ድሎች አንዱ ያ ነው፤ ስምንቱን የቆጠረ ሦስቱንም ይቁጠር።

ይህን ሊግ መከታተል የሚፈልግ በሐምሌ ይጀምር። በእኛ ክረምት ትልልቆቹ ሊጎች ዕረፍት ላይ ሲሆኑ የአርሜኒያ ክለቦች በአውሮፓ ማጣሪያ ይጫወታሉ፤ ዋጋቸውም የሚታየው እዚያ ነው። የክለቡን ስም ስታነቡ ከተማውን፣ የተመሠረተበትን ዓመትና የቀድሞ ስሙን አብራችሁ ፈልጉ፤ ሦስቱን ያላገኘ ሰው ስለ አራራት አፉን ሞልቶ ባይናገር ይመረጣል።