2 ሲደመር 3፣ 23?

ልጅዎ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጣ ስታመሽ «ይሄ ጨዋታ አይበቃሽም?» ብለው ከመቆጣትዎ በፊት አንድ ጊዜ አጠገቧ ይቀመጡ። ምናልባት ጃቫስክሪፕት እየተማረች ይሆናል።

ጃቫስክሪፕት ድረ ገጽን የሚያንቀሳቅስ የኮምፒዩተር ቋንቋ ነው። ቅጽ ሲሞሉ «ይህን ቦታ አልሞሉም» የሚል መልእክት ብቅ የሚለው ብዙውን ጊዜ በእሱ ነው። አሜሪካዊው ብሬንዳን አይክ በ1995 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ሲሠራ የመጀመሪያውን ቅጂ በ10 ቀናት አዘጋጀው። መሠረቱን ለመለማመድ ክፍያም ኢንተርኔትም የግድ አይደለም፤ ኖትፓድና እንደ ክሮም ያለ ብራውዘር ይበቃል።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው ሌላ ነው። ልጅዎ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የሚደምር ገጽ ሠራች እንበል። 2 እና 3 ስታስገባ መልሱ 23 ይሆንባታል። ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም። ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው ጎን ለጎን ቀጠለው እንጂ አልደመረውም። መጀመሪያ ወደ ቁጥር እንዲለውጠው ስታዝዘው 5 ይላታል።

አንዳንድ ልጅ «እኔ አልችልም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። እርስዎ መልሱን ማወቅ አይጠበቅብዎትም። «እስቲ ምን ብለሽ እንዳዘዝሽው አንብቢልኝ» ይበሏት። መስመር በመስመር ስታስረዳ ስህተቷን ብዙ ጊዜ ራሷ ታገኘዋለች።

እኛም ሀ ሁ ስንቆጥር ከጎናችን የተቀመጠ ሰው ነበር።