ፖሊስ ጣቢያ የቆየ ዕቃዎ ተበላሽቶ ቢመለስስ?

ባጃጅዎ ለምርመራ ተይዛ ነበር እንበል። ከአምስት ወር በኋላ ተደውሎ «መጥተው ይውሰዱ» ይባላሉ። ጣቢያው ግቢ ሲደርሱ ሸራዋ በፀሐይ ተቀዷል። ባትሪዋ የለም። አንዱ ጎማ ተቀይሮ በመላጣ ጎማ ተተክቷል። ሞተሯ አይነሳም። አስረካቢው ግን መዝገቡን ገልጦ ይጠብቅዎታል፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይላል።

እዚያው ይቁሙ። አይፈርሙ። ለምን እንደሆነ ቆይተን እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚጠይቀውን እንመልስ።

ፖሊስን መክሰስ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «ከውል ውጭ ኃላፊነት» የሚባል ክፍል አለው። ይህ ማለት ምንም ውል ሳይኖር አንዱ በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ የሚከፈለውን ካሣ የሚመለከት ሕግ ነው። ጎረቤትዎ መስኮትዎን ቢሰብር የሚጠየቀው በዚሁ ክፍል ነው። ቁጥር 2126 ደግሞ ስለ መንግሥት ሠራተኛ ይናገራል። ሠራተኛው በጥፋቱ ለሌላ ሰው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ግን ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። ፖሊስም የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

«የሥራ ጥፋት» ምንድን ነው? ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ፣ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራሁ ነው ብሎ በቅን ልቦና እያመነ የፈጸመው ስሕተት ነው። ባጃጇን ዝናብ ላይ ያቆማት፣ በር ሳይቆልፍ የሄደ፣ ኮምፒውተሩን እርጥብ መጋዘን ውስጥ የከመረ ፖሊስ በዚህ ውስጥ ይገባል። ባትሪውን ፈትቶ የሸጠ ፖሊስ ግን የሠራው የግል ጥፋት ነው። ለዚያ ራሱ ይጠየቃል፤ ነገሩም ወንጀል ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልዎት። በሥራ ጥፋት መንግሥት ይከፍላል፤ በግል ጥፋት መንግሥት አይከፍልም። እርስዎን የሚረዳዎት ነገር ቁጥር 2127 ላይ አለ። ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ ሠራተኛው በቅን ልቦና እንደሠራ ይገመታል ይላል። ስለዚህ ባትሪውን ማን እንደወሰደው ሳያውቁ «እገሌ ሰረቀኝ» ብለው አይጻፉ። «ጠባቂው አካል በአግባቡ አልጠበቀም» ይበሉ። አንድን ሰው ሌባ ካሉ የራስዎን ክስ ወደ ግል ጥፋት ገፍተው የመንግሥትን ኪስ ይዘጉታል።

ዕቃው መያዙስ በራሱ ያስከፍላል? አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም። ፖሊስ በሕጋዊ መንገድ ለማስረጃነት፣ በተለምዶ አነጋገር «በኤግዚቢትነት»፣ ዕቃ መያዝ ይችላል። የካሣው መሠረት መያዙ ሳይሆን በተያዘበት ጊዜ የደረሰው ጉዳት ነው። ባጃጇ ቆማ ያልሠራችበትን የአምስት ወር ገቢ መጠየቅ የሚከብደውም ለዚህ ነው። አያያዙ ከሕግ ውጭ የነበረ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ፊርማው እንመለስ። በሕጉ የማስረዳት ሸክም ያለበት ከሳሹ ነው። ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱ የደረሰው ዕቃው በፖሊስ እጅ እያለ መሆኑን፣ መጠኑንም የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት። ይህን የሚያስረዱት በሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ዕቃው ሲያዝ የተጻፈው፣ ሌላው ሲመለስ የተጻፈው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው የእርስዎ ክስ። ሌላው ሁሉ ማጠናከሪያ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ከየት ይመጣል? የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ በብርበራ ዕቃ ሲይዝ ዝርዝሩን እንዲጽፍ፣ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ እንዲፈርም ያዛል። ያንን ዝርዝር ያንብቡ። «አንድ ባጃጅ» ብቻ ከተባለ «ባትሪ፣ ሦስት ጎማ፣ አንድ ትርፍ ጎማ፣ ቴፕ ያለው፣ እየሠራ የተያዘ» ተብሎ እንዲጨመር በትሕትና ይጠይቁ። ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከሆነ ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ መሆኑም ይጻፍ። ግልባጭ ከሰጡዎት እሰየው። ካልሰጡዎት በስልክዎ ፎቶ ማንሳት እንዲፈቀድልዎ ይጠይቁ። ያም ካልሆነ ቤትዎ እንደደረሱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተያዘውንና የነበሩትን ሰዎች በማስታወሻ ይጻፉ።

ታስረው የነበሩ ከሆነም እንዲሁ ነው። ሲገቡ ቀበቶዎ፣ ስልክዎ፣ ቦርሳዎና ገንዘብዎ ሲመዘገቡ ገንዘቡ በቁጥርም በፊደልም መጻፉን ይመልከቱ። የሚፈታ ሰው ወደ ቤቱ ስለሚቸኩል ነው እንጂ ሲወጣ መቁጠር ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ወረቀት የርክክቡ ነው። መረከቢያው «በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ» የሚል ከሆነና ከፈረሙበት፣ በኋላ ላይ ዳኛው ያንን ያነብልዎታል። መፍትሔው ዕቃውን ጥሎ መሄድ አይደለም። ከፊርማዎ በላይ በራስዎ እጅ «ባትሪ ጎድሎ፣ ሸራው ተቀድዶ፣ የፊት ጎማ ተቀይሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ተረከብኩ» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ ይፈርሙ። አስረካቢው እምቢ ካለ የጣቢያውን ኃላፊ ይጠይቁ። እሱም እምቢ ካለ ዕቃውን ሳይረከቡ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያመልክቱ። ብቻዎን አይሂዱ፤ ሁለት ሰው ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ መካኒክ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ጣቢያ ግቢ ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ አያንሱ፤ ለሌላ ጣጣ ይዳርግዎታል። በሩን እንደወጡ፣ ባጃጇ ጭነት መኪና ላይ እያለች፣ መንገድ ላይ ያንሱ።

እና አይጠግኑ፤ ገና ነው! ብዙ ሰው እንጀራው ነውና በማግስቱ ጋራዥ አስገብቶ ያሠራታል፤ ከወር በኋላ ክስ ሲያስብ የሚታይ ጉዳት የለም። ቢያንስ ጉዳቱ በፎቶ እስኪመዘገብ፣ ጋራዡም ዝርዝር ግምት በማኅተም እስኪሰጥዎት ይታገሡ። ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከተለያየ ቦታ ይያዙ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም አይጣሉ።

ስንት ነው መጠየቅ የሚቻለው? በሕጉ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አይበልጥም፣ አያንስም። በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ባትሪ 9,000 ብር፣ ጎማ 4,000 ብር፣ ሸራ 6,000 ብር፣ የሞተር ጥገና 21,000 ብር፣ የጭነት ኪራይ 2,000 ብር፤ ድምሩ 42,000 ብር ነው። ግን ባትሪው ሲያዝ ሁለት ዓመት ያገለገለ ከነበረ ፖሊስ «የአሮጌውን ነው የምከፍለው» ብሎ ይከራከራል፤ እውነትም አለው። ስለዚህ ከመጀመሪያው የእርጅናውን ቀንሰው፣ ባትሪውን ለምሳሌ 5,000 ብር ብለው ቢያቀርቡ የሚታመኑ ከሳሽ ይሆናሉ። ባጃጇ ጋራዥ በቆየችባቸው ቀናት ያጡትን የቀን ገቢም መጨመር ይችላሉ፤ የገቢ ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። መጠኑን በትክክል ማስላት የማይቻልበት ጉዳት ካለ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ እንዲወስን ይፈቅዳል። «ምናልባት ዳኛው ይገምትልኛል» ብሎ ባዶ እጅ መሄድ ግን አይበጅም።

በቀጥታ ፍርድ ቤት ልሂድ? እኔ ብሆን መጀመሪያ በጽሑፍ አመለክታለሁ። ማመልከቻው ለጣቢያው ኃላፊ፣ ግልባጩ ለበላይ መምሪያው ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ምን ተያዘ፣ መቼ፣ እንዴት ተመለሰ፣ ስንት ይጠይቃሉ። ወቀሳ አያብዙ። በእርስዎ ግልባጭ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። አንዳንዱ ጉዳይ በዚሁ ያልቃል፤ የጠፋ ባትሪ ተፈልጎ «ይገኛል»። መልስ ከተነፈጉ ወይም ከተመላለሱ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። ገንዘቡን ግን በፍርድ ኃይል አያስከፍልልዎትም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ነው የሚሰጠው።

አቤቱታ ላይ ሳሉ ዓመቱ አይቆጠርም ብለው አይዘናጉ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይህ «ይርጋ» ይባላል፤ የመክሰስ መብት በጊዜ ማለፍ የሚታገድበት ማለት ነው። ጉዳቱ በወንጀልም የሚያስጠይቅ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ያ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ በእሱ ግን አይመኩ። ዕቃው ጣቢያ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚቀመጥበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። ባትሪው መጥፋቱን የሰሙበትን ቀን መነሻ አድርገው ቢፈጥኑ አይቆጭዎትም።

ማንን፣ የት እከሳለሁ? ተከሳሹ ጣቢያው ወይም ኢንስፔክተር እገሌ አይደለም፤ ሕጋዊ ሰውነት ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለምሳሌ የፖሊስ ኮሚሽኑ። የፌዴራል ፖሊስ ከሆነ ክሱ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ ያያል፤ የባጃጅ ጉዳይ ከዚያ በታች ነው። የክልል ፖሊስ ከሆነ ወደ ክልሉ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ስሕተት ቦታ ከፍቶ መዝገብ ማዘጋት ወራት ስለሚያስቃጥል መዝገብ ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ወጪው እንዴት ነው? መዝገብ ሲከፈት የዳኝነት ክፍያ ይከፈላል፤ የሚጠይቁት ገንዘብ ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል። 42,000 ብር ለደረሰ ጉዳት 400,000 ብር መጠየቅ የማይረባው አንድም ለዚህ ነው። የማመልከቻ ጸሐፊ፣ የፎቶ ኮፒ፣ ለምስክሮች የትራንስፖርት ወጪም አለ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጠሮ ሲመላለሱ የሚቃጠል ቀንዎ ነው። ካሸነፉ ወጪና ኪሣራ ይተካልኝ ማለት ይችላሉ፤ ከተሸነፉ ደግሞ የተከሳሹን ወጪ ሊከፍሉ ይችላሉ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ «በደሃ ደንብ» የመክሰስ መብት ይሰጣል፤ አቅም እንደሌለዎት በቃለ መሐላና በማስረጃ ያስረዳሉ። ጠበቃ ካቃተዎት የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። የአምስት ሺህ ብር ስልክ ከሆነ በእኔ ግምት ክሱን ትተው ማመልከቻው ላይ ይበርቱ፤ የዳኝነቱና የመመላለሱ ወጪ ስልኩን ይበላዋል።

ፖሊስ ምን ብሎ ይከራከራል? «ሲያዝም እንዲሁ ነበር» ይላል፤ መልሱ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። «ውሰድ ብንለው አልመጣም» ይላል፤ ስለዚህ ዕቃዎን ውሰዱ ሲባሉ አይቆዩ። «የመንግሥት ሥራ ነው፣ ኃላፊነት የለብንም» ይላል፤ ቁጥር 2126ን ያስታውሱ።

ዕቃው ገና ጣቢያ ካለስ? ያኔ ገና ብዙ ማዳን ይቻላል። የዕቃው ባለቤት፣ በተለይ ተጠርጣሪው ሌላ ሰው ሆኖ ባጃጇ የእርስዎ ከሆነች፣ ፎቶና ዝርዝር መግለጫ መዝገቡ ላይ ቀርቶ ንብረቱ በዋስትና ወይም በግዴታ ፊርማ እንዲለቀቅልዎ ለመርማሪው፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ካልሆነም ጉዳዩን ለያዘው ፍርድ ቤት ያመልክቱ። «በተጠየቀ ጊዜ አቀርባለሁ፤ አልሸጥም፣ አልለውጥም» ብለው ይፈርማሉ። ፍርድ ቤቱ እምቢ ቢል እንኳ «ዕቃው ዝናብ ላይ ነው፣ ጥላ ይደረግለት» ብለው ማመልከቻ ያስገቡ። ያ ማመልከቻ ኋላ ላይ ዋና ማስረጃዎ ይሆናል፤ ጠባቂው እንደሚበላሽ እያወቀ ዝም ማለቱን ያሳያልና።

ፍርዱ ለእርስዎ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ገንዘቡ በራሱ አይመጣም። ካልተከፈለ የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ ይዘው ሌላ መዝገብ፣ የአፈጻጸም መዝገብ የሚባለውን፣ መክፈት ይኖርብዎታል። የመሥሪያ ቤቱ ክፍያ በፋይናንስ ክፍል በኩል ስለሚያልፍ የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎን ከፍርዱ ግልባጭ ጋር አያይዘው በደብዳቤ ያስገቡ፤ በግልባጩ ላይም እንደ ልማድዎ ማኅተም ያስመቱ።