የሥራ እርከን፣ ቤተሰብና ዕድሜ

ድህነት ዕድሜ እንደሚያሳጥር ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ያከሉት፣ ድሀ ያልሆነውም ሰው ከእሱ አንድ እርከን ከፍ ካለው ይልቅ ቀድሞ የመታመምና የመሞት ዕድሉ የሰፋ መሆኑን ነው። ልዩነቱ ከላይ እስከ ታች፣ እርከን በእርከን ይወርዳል። ይህን በግልጽ ያሳየው ጥናት የተካሄደው ደግሞ ችግረኛ በማይበዛበት ቦታ፣ በለንደን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው።

ኋይትሆል የሚባለው የለንደን ጎዳና የብሪታንያ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የተሰባሰቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 64 የሆነ ወንዶች እየተጠሩ መመርመር ጀመሩ። ቁመታቸው ተለካ፤ የደም ግፊታቸውና የኮሌስትሮል መጠናቸው ታየ፤ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነ ተጠየቁ፤ የሥራ ደረጃቸውም ተጻፈ። ከላይ ፖሊሲ የሚነድፉት ከፍተኛ አስተዳዳሪዎች አሉ። ቀጥሎ ባለሙያዎችና የክፍል ኃላፊዎች፣ ከነሱ በታች ጸሐፊዎች፣ በመጨረሻ ደግሞ ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የተመራማሪዎቹ ሥራ ማን መቼ በምን ምክንያት እንደሞተ ከመዝገብ መከታተል ነበር። የ17,530 ሰዎች የ10 ዓመት ውጤት በ1984 ሲታተም፣ በታችኛው እርከን ያሉት የሞት መጠን ከከፍተኛ አስተዳዳሪዎቹ 3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በልብ ሕመም የሚሞቱትም ለብቻ ሲቆጠሩ ልዩነቱ ያው 3 እጥፍ ነበር።

ተላላኪው ከሚኒስትሩ አማካሪ ቀድሞ መሞቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስገረመ። የሚያስገርመው ሁለተኛው እርከን ነው። ባለሙያዎቹና የክፍል ኃላፊዎቹ ጥሩ ደመወዝ ያላቸው፣ የተማሩ፣ የራሳቸው ወንበርና ጠረጴዛ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ከበላያቸው ካሉት ይልቅ በብዛት ይሞቱ ነበር። ከመካከላቸው ማዕድን ቆፋሪ ወይም ከመርዛማ ኬሚካል ጋር የሚውል የለም። ሁሉም ቋሚ ሥራና ጡረታ አላቸው። ሕክምናም ቢሆን በብሪታንያ ከ1948 ጀምሮ ለማንም በነጻ ነበር። ስለዚህ ረሀብም፣ የሥራ አደጋም፣ የሐኪም ክፍያም መልስ ሊሆኑ አልቻሉም።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሲጋራ ነበር። በእርግጥም ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አጫሹ ይበዛል፤ የደም ግፊቱም እንዲሁ። ነገር ግን ሲጋራ፣ ደም ግፊትና ኮሌስትሮል በሂሳቡ ውስጥ ገብተው እንኳ የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል ሳይፈታ ቀረ። በ1985 የተጀመረውና በማይክል ማርሞት የተመራው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት 10,308 ወንዶችንና ሴቶችን አካቶ ወደ ሥራው ባሕርይ ዞረ። የትኛውን ሥራ መቼ እንደሚሠራ ራሱ የሚወስን ሠራተኛና ከጠዋት እስከ ማታ ሌላው የሚያዘው ሠራተኛ ሲነጻጸሩ፣ ሁለተኛው ለልብ ሕመም የበለጠ ተጋላጭ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ልኬት እንደታየው ደግሞ በሥራ ሰዓት የላይኞቹም የታችኞቹም የደም ግፊት ይጨምራል፤ ቤት ሲገቡ ግን የአለቆቹ በደንብ ሲወርድ የበታቾቹ እምብዛም አይወርድም።

በ2010 የወጣ ትንተና ክርክሩን እንደገና ከፍቶታል። ማጨስ፣ መጠጥ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በ24 ዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ሲለኩ፣ በእርከኖቹ መካከል ካለው የሞት ልዩነት 72 በመቶውን ሊያስረዱ ቻሉ። ይህ ቀድሞ ከታሰበው እጅግ ይበልጣል። ይሁንና ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋው እንጂ አልዘጋውም፤ በታችኛው እርከን ያለው ሰው ሲጋራውን ለመተው ለምን ይበልጥ ይቸገራል የሚለው አሁንም መልስ ይፈልጋልና።

ብሩስ ሊንክና ጆ ፌላን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1995 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። እነሱ እንደሚሉት በሽታው ይለዋወጣል፤ ልዩነቱ ግን ይቀጥላል። ኮሌራና ታይፈስ ከአውሮፓ ከተሞች ጠፍተው በልብ ሕመምና በካንሰር ቢተኩም ቀድሞ የሚሞተው ያው ከታች ያለው ነው። ምክንያቱም ገንዘብ፣ እውቀት፣ ዝናና የሚያውቁት ሰው ለየትኛውም ዘመን በሽታ መከላከያነት ይውላሉ። የሲጋራ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ጉዳቱ ከመታወቁ በፊት ማጨስ የሀብታሙም የምሁሩም ልማድ ነበር። ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1950 ሲጋራን ከሳንባ ካንሰር ጋር ካያያዙ፣ በ1964 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት ይህንኑ ካጸና በኋላ፣ ወሬውን ቀድሞ የሰማውና ለመተው አቅም ያለው ተወ። አዲስ እውቀት ሰውን ሁሉ ቢጠቅምም ቀድሞ የሚደርሰው ላለው ነው።

እስካሁን የተባለው ስለ አዋቂዎች ነው። የኋይትሆል መዝገብ ግን አንድ ትንሽ ፍንጭ ይዟል፤ ቁመት። አጫጭሮቹ ሠራተኞች ከረጃጅሞቹ ይልቅ በብዛት ይሞቱ ነበር። የሰው ቁመት የሚወሰነው በዘር ብቻ አይደለም፤ በልጅነቱ ምን እንደበላና ስንት ጊዜ እንደታመመም ይናገራል። እንግዲህ የሠራተኛው ዕድሜ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን ከመርገጡ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በወላጆቹ ቤት ተጀምሯል ማለት ነው።

ይህን ለመከታተል የሚያስችል መዝገብ በዚያው አገር ነበር። በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የወለዱ 13,687 እናቶች ተጠይቀው ነበር። ጄምስ ዳግላስ የተባለው ሐኪም የመራው ይህ ጥያቄ መነሻው ተራ ነገር ነው፤ የወሊድ ወጪ ቤተሰብን ምን ያህል እንደሚጎዳ ማወቅ። ከሕፃናቱ መካከል 5,362ቱ ተመርጠው ከዚያ ወዲህ ሕይወታቸውን ሙሉ ተከታትለዋቸዋል፤ በሰባዎቹ ዕድሜያቸው ሳይቀር ተመርምረዋል። ሲወለዱ ክብደታቸው አነስተኛ የነበሩት ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ዳግላስ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው ደግሞ፣ በ8 ዓመታቸው በፈተና እኩል ውጤት የነበራቸው ልጆች በ11 ዓመታቸው ወደተሻለው ትምህርት ቤት የመግባት ዕድላቸው እንደ ወላጆቻቸው የኑሮ ደረጃ ይለያይ ነበር።

ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ገንዘብና ምግብ ብቻ አይደለም። አኔት ላሮ የተባለችው አሜሪካዊት የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በ1990ዎቹ የ88 ልጆችን ቤተሰቦች አጥንታ፣ ከእነሱ መካከል በ12ቱ ቤት እየገባችና እየዋለች ኑሯቸውን ተመልክታለች። ልጆቹ 9 እና 10 ዓመት ገደማ ናቸው። መጽሐፏ በ2003 ሲወጣ ብዙ ያነጋገረው የሐኪም ቤት ትዕይንት ነው። የተማሩና ጥሩ ገቢ ያላቸው እናት፣ ልጃቸውን ለምርመራ ሲወስዱ መኪና ውስጥ እያሉ ለሐኪሙ የሚያቀርበውን ጥያቄ እንዲያስብበት ይነግሩታል። ልጁም ምርመራው ላይ ሐኪሙን አቋርጦ ያልገባውን ቃል ያስረዳው ዘንድ ይጠይቃል፤ ብብቱ ላይ ስለወጣበት እብጠትም ያነሳል። በዝቅተኛ ገቢ የሚኖሩት ሌላዋ እናት ሰፈር ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማ፣ ተጫዋች ሴት ናቸው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ድምፃቸው ይጠፋል፤ የተጠየቁትን ብቻ በአጭሩ ይመልሳሉ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ቀጠሮ አክብረው መጥተዋል። ሐኪሙ ስለ ልጁ የሚያውቀው ግን እኩል አይሆንም። ይህ በምንም የገቢ ሠንጠረዥ የማይታይ ልዩነት ነው፤ ልጁም ሲያድግ ወይ መጠየቅን ወይ ዝም ማለትን ይዞት ይሄዳል።

ከሐኪም ጋር መነጋገር የመቻል ነገር በአፍሪካም ቀደም ብሎ ተጠንቷል። አውስትራሊያዊው የሥነ ሕዝብ ምሁር ጆን ካልድዌል በናይጄሪያ ያገኘውን መረጃ በ1979 ሲያሳትም፣ የእናት ትምህርት ከአባት ሥራና ከቤተሰቡ ኑሮ ተለይቶ ለብቻው የሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። የተማረች እናት ልጇ ሲታመም ጊዜ አትፈጅም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ቤት ውስጥም በልጇ ጉዳይ ቃሏ ይሰማል። አማትና ባል ሳይፈቅዱ የታመመ ልጅ ከቤት በማይወጣበት ቦታ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እርከን በእርከን የሚወርደው ልዩነት በኢትዮጵያም ይታያል። በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ቤተሰቦቹ በሀብት አምስት ቦታ ሲከፈሉ እጅግ ድሀ ከሆኑት ቤቶች 45 በመቶ፣ በጣም ሀብታም ከሆኑት 26 በመቶ ናቸው። ሁለተኛውን ቁጥር ልብ ማለት ይገባል፤ ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ባላቸው ቤቶች እንኳ ከ4 ሕፃናት አንዱ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አላገኘም።

ቤተሰብ የሚያቆራኝና የሚጠብቅ መሆኑን ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም በ1897 ስለ ራስን ማጥፋት በጻፈው መጽሐፍ አስቀምጧል፤ ትዳር ለወንዱ የሚሰጠውን ጥበቃ ያህል ለሴቷ እንደማይሰጥ ግን ከዚያው መረጃ አይቷል። በካሊፎርኒያ አላሜዳ በተባለ አውራጃ 6,928 አዋቂዎችን ለ9 ዓመት የተከታተሉት ሊሳ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም በ1979 እንዳሳዩት፣ ትዳር፣ ዘመድ፣ ጓደኛና የማኅበር አባልነት የጎደላቸው ሰዎች የሞት መጠን እነዚህ ከተሟሉላቸው ጋር ሲነጻጸር በወንዶች 2.3፣ በሴቶች 2.8 እጥፍ ነበር። እድርና ማኅበር ለለመደ አንባቢ ነገሩ እንግዳ ላይሆን ይችላል።

ዝምድና ግን ጤና ይሰጣል ብቻ አይባልም፤ ይወስዳልም። በኦሃዮ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ የያዘው ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችንና የማያስታምሙ 13 እኩዮቻቸውን ወስደው ክንዳቸው ላይ እኩል ትንሽ ቁስል አበጁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል በአማካይ 48.7 ቀን፣ የሌሎቹ 39.3 ቀን ወስዶ ዳነ። ማስታመም በየትም አገር ይበልጡን የሴት ሥራ ነው፤ ሞግዚትና ነርስ መቅጠር የማይችል ቤት ደግሞ ሸክሙን ሁሉ በአንዲት ልጅ ወይም ሚስት ትከሻ ላይ ያሳርፈዋል።

ታዲያ የሚቀድመው ድህነቱ ነው ወይስ የቤተሰቡ ችግር? ድሀ ስለሆኑ ነው ልጆቻቸው የሚቸገሩት ወይስ ድሀ ያደረጋቸው ነገር ራሱ ልጆቹንም ይጎዳል? ለዚህ መልስ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ኮስቴሎ ከ1993 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች የሚኖሩ 1,420 ልጆችን የአእምሮ ጤና ትከታተል ነበር፤ ሩብ ያህሉ የአገሩ ጥንተ ነዋሪ ሕንዶች ናቸው። በ1996 የእነዚህ ሕንዶች ጎሣ፣ ቼሮኪ፣ በይዞታው ላይ ካዚኖ ከፈተና ከትርፉ ለእያንዳንዱ አባል በየጊዜው ድርሻ መክፈል ጀመረ። ማንም አመልክቶ፣ ተመርጦ ወይም በጥረቱ ያገኘው ገንዘብ አልነበረም።

ከድህነት በወጡት ቤተሰቦች ያሉ ልጆች ጠበኝነትና አመፀኝነት ቀንሶ ድሀ ሆነው ከማያውቁት ልጆች ጋር እኩል ሆነ። ጭንቀትና ድብርት ግን አልቀነሰም። በመካከል የተለወጠው ወላጆች ለልጆቻቸው ያላቸው ጊዜ ነበር፤ ልጆቹን ይበልጥ ይከታተሉና ይቆጣጠሩ ጀመር። ልጆቹ 21 ዓመት ሲሞላቸው በድጋሚ ሲታዩ፣ ካዚኖው ሲከፈት 12 ዓመት የነበራቸው፣ ያኔ 14 እና 16 ከነበሩት ይልቅ የአእምሮ ሕመማቸው ያነሰ ሆነ። ከሦስቱ ምድቦች የቤተሰባቸው ገቢ ከተሻሻለ በኋላ ከወላጆቻቸው ጋር ረጅም ጊዜ የኖሩት እነሱ ነበሩ።