ከአውሎ ነፋስ በኋላ፦ የቡላኦስን ጎርፍ ማጽዳት ለምን ይከብዳል?

ሳጋር የተሰኘው አውሎ ነፋስ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ላይ ሲያርፍ ማዕከሉ ጂቡቲ ከተማን አልነካም። ዝናቡ ግን ደረሰባት። ወደ 110 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ከዓመት ድርሻዋ ጋር የሚቀራረብ ውኃ በአጭር ጊዜ ወረደባት። መኖሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች በጎርፍ ተጥለቀለቁ።

የከተማዋ ጥንታዊ ሠፈሮች የሚገኙበት ቡላኦስ የተቀመጠው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። ከባልባላ የሚለየው የአምቡሊ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው፤ ሲሞላ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ያስከተለው ጎርፍ ከ50 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ስለዚህ እዚህ የጽዳቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ውኃው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። የባሕሩ ማዕበል ከፍ ባለበት ሰዓት የፍሳሽ ቦዮች ወደ ባሕር መልቀቅ ያቅታቸዋል። ውኃው በፓምፕ ካልተሳበ በየቤቱ ተኝቶ ይሰነብታል፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽ ጋርም ይቀላቀላል።

ቀጥሎ ጭቃው ይመጣል። እርጥብ ሳለ በአካፋ ይነሣል፤ በጂቡቲ ፀሐይ ከደረቀ በኋላ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ሲፈረፈርም የሚተነፈስ አቧራ ይሆናል። በረኪናን ጭቃው ላይ መርጨት ብዙም አይጠቅም፤ ቆሻሻው የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ማውጣት፣ ከዚያ ማጠብ፣ በመጨረሻም ተሕዋስያንን መግደል ነው ሥርዓቱ።

በባሕሩ ዳርቻ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ጨዋማ ውኃ የገባበትን የጀልባ ሞተር ለማስነሣት መሞከር ጉዳቱን ያብሳል። ካንዴላው ተፈትቶ ውኃው ይወጣል፣ ሞተሩ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ዘይቱም ይለወጣል፤ ይህ ሁሉ ዝገቱ ሳይቀድም በዚያው ቀን መደረግ አለበት። ችግሩ፣ ንጹሕ ውኃ ከምንጊዜውም በላይ የሚቸግረው በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ለዓሣ አጥማጅ ሞተሩ የዕለት እንጀራው ነውና ምርጫው ቀላል አይደለም።

ጭቃው ከተጠረገ በኋላም ሥራው አላለቀም። የወባ ተሸካሚዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ በጂቡቲ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የወባ ታማሚ ቁጥር በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ደርሷል። ይህች ትንኝ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በተለየ ከተማ ይስማማታል፤ ሰዎች ለመጠጥና ለማጠቢያ ባጠራቀሙት ውኃ ውስጥ ትራባለች። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ በርሜልና ጄሪካን የሚሞላ ቤተሰብ ክዳን ከሌለው ሳያውቅ ይቀልባታል። ዝናብ ያቆረባት ጀልባም እንደዚሁ ናት። የዴንጊና የቺኩንጉንያ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ እንቁላሏን በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለምታጣብቅ፣ ውኃውን መድፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ውስጡ መፈግፈግ አለበት።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ፈተናው በሰፋ መልኩ ተመለሰ። በአንዳንድ አካባቢዎች የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ፤ የጂቡቲ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት እስከ 250 ሺህ ሰዎች ሳይጎዱ እንዳልቀሩ ገለጹ።

ትንኟ በጂቡቲ ብቻ አልተወሰነችም። ከጂቡቲ ጋር በባቡርና በመንገድ በተገናኘችው ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝም ተመራማሪዎች ከእርሷ ጋር አያይዘውታል።