አንገት ሲወጋ እርፍ የሚጨብጠው እጅ እንዳይሰንፍ

ዓርብ በመጣ ቁጥር የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ከዙሪያዋ ቀበሌዎች በሚመጣ ሰውና ከብት ትሞላለች። ገዥው ጎንበስ ብሎ የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል። በግርግሩ መካከል የደነበረ ወይፈን ራሱን ቢወዘውዝ ቀንዱ የሚያርፈው የሰው ፊትና አንገት ላይ ነው። አጨዳ ሲደርስ ማጭድ፣ ውቂያ ሲጀመር መንሽ ተመሳሳይ አደጋ ያደርሳሉ።

አንገት ጠባብ ቢሆንም የአየርና የምግብ ቧንቧ፣ ትላልቅ የደም ሥሮች፣ ኅብለ ሰረሰርም አሉበት። ወደ እጅ የሚወርዱ 5 የነርቭ ሥሮችም ከአንገት ሥር ተነስተው በብብት ያልፋሉ። የላይኞቹ ሲጎዱ ክንድ አይነሳም፣ ክርን አይታጠፍም፤ የታችኞቹ ሲጎዱ ጣት መጨበጥ ይሳነዋል። ለአርሶ አደሩ ይህ ማለት በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ማረስ አለመቻል ነው።

አደጋው ሲደርስ ቀዳሚው ሥራ ሕይወት ማትረፍ ነው። በቁስሉ የተሰካ ነገር ካለ ፈጽሞ አይነቀል፤ ደሙን አፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። የተሰካ ነገር ከሌለ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን ሳይለቁ መጫን ይገባል። ጨርቁን አንገት ዙሪያ አጥብቆ ማሰር ግን ትንፋሽ ያሳጣል። ቡና፣ አፈር ወይም እበት መነስነስ፣ ጣት ማስገባት፣ ውኃና ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ደም ቆመ ብሎ ቤት ማደርም አይገባም፤ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ጉዳቱ ከውስጥ ሊሆን ይችላል። በአፈርና በእበት የተበከለ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ስለሚያስከትል የመከላከያ ክትባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ነርቭ ነው። ክንዱን ማንሳት፣ ጣቱን መዘርጋትና መጨበጥ ካቃተው፣ እጁ ከደነዘዘ፣ ድምፁ ከሻከረ ወይም የአንድ ዓይኑ ቆብ ከወረደ በመጀመሪያው ቀን ለሐኪም ይነገር። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያስከትለው «ቁስሉ ሲድን እጁም ይመለሳል» ብሎ መጠበቅ ነው። ነርቭ መልሶ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ በወር 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈው በአብዛኛው አያገግምም። ስለዚህ ማጭድ የበጠሰው ነርቭ በቀናት ውስጥ ቢሰፋ ይመረጣል። ቀንድ የጨፈለቀው ለጥቂት ወራት በክትትል ሊታይ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገው ግን 6 ወር ሳይሞላ መሆን ይኖርበታል። የአካባቢው ጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሪፈር ሲጽፍ ቀጠሮውን ለመኸር ብሎ ማሳለፍ እጅን ያስከፍላል።

እስከዚያው የሰነፈውን እጅ በደህናው እጅ እየደገፉ በየቀኑ ማንቀሳቀስ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል። የደነዘዘ እጅ ሙቀት ስለማይሰማው ከእሳት ይራቅ። ማሳው ጦም እንዳያድርም ጎረቤት በወንፈልና በደቦ ሊደርስለት ይገባል።

መከላከሉ ይቀላል። የሚዋጋ በሬ የቀንዱን ጫፍ በእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ማስቆረጥ፣ ሲጠምዱና ሲፈቱ ከፊቱ ጎንበስ አለማለት፣ ማጭድን ስለቱን ጠቅልሎ መያዝ፣ በሚጫን መኪና ላይም ስለት ገልጦ አለመሳፈር ነው። በአውድማ ላይ መንሽ የያዙ ሰዎች ተራርቀው ይቁሙ፤ ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ።