መቃብር የሌለው ሻምበል

ሻምበል ቻርልስ ሃሚልተን ሶርሊ በአልሞ ተኳሽ ጥይት ጭንቅላቱን ተመቶ ሲወድቅ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር። ቦታው ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሎስ በምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር አቅራቢያ፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1915 ነው። የተወለደው ስኮትላንድ፣ አበርዲን ከተማ ሲሆን አባቱ የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የነበረው ደግሞ ከሁሉም አገር ጀርመን ውስጥ ነው። ኦክስፎርድ ከመግባቱ በፊት ቋንቋ ሊማር ሄዶ ሽቬሪን ከረመ፤ ከዚያ የና ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጦርነቱ ሲመጣ ጀርመኖቹ ትሪር ላይ ያዙትና በዚያው ቀን ለቀቁት። አገሩ እንደገባ ለውትድርና ተመዘገበ፤ የተመደበውም በእንግሊዞቹ የሳፎክ ሬጅመንት ነበር። ጥላቻ ግን አልያዘም። ለጀርመን በጻፈው ግጥም ሁለቱንም ወገን እንደ ዕውር ተዋጊ ነው የሚያያቸው።

ከሞተ በኋላ ጓዙ ሲበረበር አንድ ጽሑፍ ተገኘ። የመጨረሻው ግጥሙ ነው። ጦርነት ላይ የወደቁትን ማሞገስም ሆነ ማልቀስ ለእነሱ ምንም እንደማይፈይድላቸው የሚናገር፣ በዚያ የፉከራ ወቅት ማንም ሊሰማው የማይፈልገው ሐሳብ ነበር። ወላጆቹ ግጥሞቹን በ1916፣ ደብዳቤዎቹን በ1919 አሳተሙለት። አስከሬኑ ግን የት እንደ ደረሰ አልታወቀም።

ውዳሴ አልፈልግም ያለን፣ መቃብርም የሌለውን ልጅ እንዴት ያስታውሱታል? እንግሊዞች ለዚህ ያቋቋሙት መሥሪያ ቤት አለ፤ ዛሬ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ይባላል። ከዚያ በፊት በነበሩት ጦርነቶች ተራው ወታደር ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይጣል ነበር፤ ሐውልት የሚቆመው ለጄኔራሉ ነው። ፋቢያን ዌር የሚባል ሰው በ1914 ዕድሜው ከውትድርና ስላለፈ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቡድን እየመራ ፈረንሳይ ሄደ። እዚያም የእንጨት መስቀሎቹ በዝናብና በመድፍ እየጠፉ፣ ስም የሚመዘግብም ሰው እንደሌለ አየ። መዝገብ ጀመረ። መዝገቡ አድጎ በሜይ 1917 በንጉሣዊ ቻርተር የቆመ ኮሚሽን ሆነ።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ማንም አስከሬን አስቆፍሮ ወደ አገሩ አይወስድም፤ የሎርድ ልጅም የገበሬ ልጅም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቆምለታል። እናቶች ተቃወሙ፤ ነገሩ በ1920 ፓርላማ ድረስ ደርሶ አከራከረ። ኮሚሽኑ ግን አልተበገረም። ድንጋዩ ከፍታው 81፣ ወርዱ 38 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጫፉ ውሃ እንዳይቋጥር በትንሹ ጎበጥ ብሏል። ከላይ የሬጅመንቱ አርማ ይቀረጻል። ለምሳሌ ካሜሮን ሃይላንደርስ የተባለው የስኮትላንድ ሬጅመንት አርማ በእሾህ አበባ ጉንጉን መካከል መስቀሉን የያዘ ቅዱስ እንድርያስ ነው። ከሥሩ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ ዕድሜ። ቤተሰቡ ከግርጌ የራሱን ቃል ማስጻፍ ይችላል፤ በቃላቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር ተቆጥሮ ከ66 ፊደል እንዳይበልጥ! ለአንዱ ፊደል መጀመሪያ ሦስት ተኩል ፔኒ ይጠየቅ ነበር፤ በኋላ ክፍያው በፈቃድ ሆነ። የኒውዚላንድ መንግሥት ግን የግል ጽሑፉን ከናካቴው ከለከለ።

በትላልቆቹ መካነ መቃብሮች ለሚቆመው ትልቅ ድንጋይ ጥቅሱን የመረጠው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ያገኘውም ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 ነው። የኪፕሊንግ የ18 ዓመት ልጅም እዚያው ሎስ ላይ ነው የጠፋው።

አስከሬናቸው ላልተገኘ ሰዎች ግድግዳ ይሠራል። የሎሱ በ1930 ተመረቀ፤ ከ20,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915 ጥቃቱ ሲጀመር ሁለት የስኮትላንድ ክፍለ ጦሮች ግንባር ስለነበሩ፣ ከግድግዳው ላይ ስኮትላንዳዊ ስም ለማግኘት ዓይንን ማንከራተት አያስፈልግም። አሰላለፉ በሬጅመንት፣ ከዚያ በማዕረግ፣ ከዚያ በፊደል ተራ ነው። በማዕረግ መባሉ ከእኩልነቱ ሕግ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ አልገባኝም። የሶርሊ ስም ግን እዚያ እንደ ማንኛውም ስም ነው፤ ጀግና የሚል ቅጽል የለበትም፣ ስለ ግጥሙም ምንም አይልም። በ1985 ለንደን ዌስትሚንስተር አቢይ ውስጥ ከሌሎች ባለቅኔዎች ጋር ስሙ ተቀርጾለታል፤ እኔ እንደሚመስለኝ ለምርጫው የሚቀርበው የሎሱ ነው።

ከኮሚሽኑ መካነ መቃብሮች አንዱ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ከረን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1941 መጀመሪያ፣ የካሜሮን ሃይላንደርስ ወታደሮች ጣሊያን ከላይ እየተኮሰባቸው ሽቅብ ወጥተው የያዙት ሸንተረር በጦር ታሪክ በእነሱ ስም ይጠራል። ከረን በማርች መጨረሻ ሲወድቅ የአስመራና የአምባ አላጌ መንገድ ተከፈተ። ከዚያው መካነ መቃብር ጋር በሃይማኖታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው የተቃጠለ ሕንዳውያን ወታደሮች መታሰቢያ ይገኛል።

ኮሚሽኑ በሁሉም ዘንድ እንዲህ ትክክል ነበር ማለት ግን አይደለም። በ2021 ራሱ ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው ጦርነት የሞቱ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሰዎች በስማቸው ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኗል። አብዛኞቹ የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ያልፈረሰው ሕግ አፍሪካ ላይ ሲደርስ በገዛ ባለሥልጣናቱ ነው የፈረሰው። ኮሚሽኑ ይቅርታ ጠይቆ ስም ማሰባሰብ ጀምሯል።

ሎስ አካባቢ ደግሞ መሬቱ ዛሬም አጽም ይሰጣል። ላንስ ከተማ ለአዲስ ሆስፒታል ሲቆፈር የወታደሮች አጽም በብዛት በመውጣቱ፣ በ2024 የሎስ መካነ መቃብር ተስፋፍቶ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው የሚቀበል ቦታ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተቀባሪዎች ሁለት የካሜሮን ሃይላንደርስ ወታደሮች ነበሩ። ክፍላቸው ታውቋል፤ ስማቸው ግን አልታወቀም። የአንዱ ሰው ማንነት ከተረጋገጠ የራሱ ድንጋይ ይቆምለታል፤ ከግድግዳው ላይ ያለው ስሙም ከዝርዝሩ ይወጣል።